ጋሽ አበጀ የመረጡት ውታፍ

ጎረቤታቸው በላይነሽ የገበያ ዘንቢሏን እንዳንጠለጠለች ሱቄ ገብታ፣ «ጋሽ አበጀ ሞተዋል። ስንዱ ባኞው ውስጥ ናት፤ ብቻዬን ላነሣት አልቻልሁም፣ ነይልኝ» አለችኝ። ሚስማር የምመዝንለትን ደንበኛ እንደቆመ ትቼው ወጣሁ። ሱቄን አልቆለፍሁም።

ሰውየው ማን እንደነበሩ፣ ሚስታቸው ስንዱም ለምን ባኞ ውስጥ እንደነበረች ከመጀመሪያው ልናገር።

ጋሽ አበጀ የንፋስ መውጫ ከተማ ቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ። ሌሎችም አሉ፤ ግን «ቧንቧ ሠራተኛው» ከተባለ እሳቸው ናቸው። እኔ ከአባቴ የወረስሁት የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለኝ። ዕቃ የሚገዙት ከእኛ ነበር፤ መጀመሪያ ከአባቴ፣ ኋላ ከእኔ። ረጅምና ከሲታ ነበሩ፤ ሲቆሙ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላሉ። ዕቃ ሲመርጡ አይቸኩሉም። ማገጣጠሚያ ሲሰጧቸው አፋቸው ላይ ደግነው እፍ ይሉበታል። ጎማ ሲሰጧቸው ያሸቱታል፣ ከዚያም በጥርሳቸው ነከስ ያደርጉታል። «ይኼ መደርደሪያ ላይ አርጅቷል፤ ክረምቱን አይሻገርም» ካሉ አይሻገርም።

ከሁሉም በላይ የማልረሳው ግን ጥያቄያቸውን ነው። አንድ ሰው ቧንቧ ሊገዛ መጥቶ እሳቸው ሱቁ ውስጥ ካሉ፣ ሳይጠየቁ ጣልቃ ገብተው «ማን ነው የሚከፍተው?» ይላሉ። አንድ ቀን አንዲት አስተማሪ የሚያብረቀርቅ ክብ እጀታ ያለው ቧንቧ መርጣ ልትወስድ ስትል ጠየቋት።

«እናቴ ናት» አለች።

«እጃቸው እንዴት ነው?»

«ቁርጥማት አለባት።»

«እንግዲያው ይኼ አያደርግም። እርጥብ እጅ ክብ ነገር አይዝም፣ የታመመ እጅ ደግሞ ጭራሽ። ረጅም እጀታ ያለውን ስጫት የሺ፤ በክንዳቸው ገፋ አድርገው ይክፈቱት።»

ልጅቱ ቅር እያላት ወሰደች። በዓመቱ መጥታ አመሰገነች።

ለሰው እንዲህ የሚያስቡት ጋሽ አበጀ የራሳቸው ቤት ውሃ አልነበረውም። ዋናው መስመር ከደጃቸው ሃምሳ እርምጃ ርቆ ያልፋል። የቀበሩት ራሳቸው ናቸው። «ለፋሲካ አስገባዋለሁ» ይላሉ። ፋሲካ ያልፍና «ለፍልሰታ» ይላሉ። ሁልጊዜ የሚጠብቅ ሰው አለ፤ ሆቴል ይጠራቸዋል፣ ትምህርት ቤት ይጠራቸዋል፣ የፈነዳ ቧንቧ ይጠራቸዋል። ስንዱ ደግሞ ጀሪካን አዝላ ከቦኖ ትቀዳለች። የእስቴ ልጅ ናት፤ ከባሏ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ታንሳለች፣ ከእኔ ትንሽ ትበልጣለች። ገበያ ላይ ባቄላና ሽምብራ ትሸጥ ነበር። ድምፅዋ ከሰው ሁሉ በላይ ይሰማል። «የቧንቧ ሠራተኛ ሚስት ነኝ፤ ውሃዬ ከቦኖ ነው!» እያለች ራሷ ታስቅ ነበር።

ጥቅምት ላይ ንፋስ መውጫ ውርጭ ይወርድባታል። ጠዋት ድንጋዩ ሁሉ ያዳልጣል። ስንዱ ሃያ ሊትር ጀሪካን አዝላ በድንጋይ ደረጃው ስትወጣ እግሯ ከዳት። ሰዎች ሲደርሱ ከታች በጀርባዋ ተዘርግታለች፤ ዓይኗ ተገልጧል፣ ትናገራለች፣ ግን ተነሺ ሲሏት የሰማች አትመስልም ነበር። ጋሽ አበጀ በዚያች ሰዓት አንድ አዲስ ሆቴል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ውሃ እያስገቡ ነበር።

ባሕር ዳር ሆስፒታል ሁለት ወር ተኛች። የአንገቷ አጥንት ነው የተጎዳው። ከዚያ በኋላ የቀራት ግራ ክንዷ ብቻ ነበር። እሱም ይነሣል እንጂ ጣቶቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው ቀሩ።

ወደ ቤቷ በተመለሰች በማግስቱ ጋሽ አበጀ ዶማና አካፋ ይዘው ደጃቸውን መቆፈር ጀመሩ። ማንንም አልጠሩም። ጠዋት ጀምረው ፀሐይ ሳትጠልቅ ውሃው ቤት ገባ። ሰባት ዓመት የቆየ ሥራ በአንድ ቀን አለቀ። ማታውን ለበላይነሽ «አንድ ቀን ነው የፈጀብኝ» ብለዋት ነበር። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ጉዳይ ለማንም ሲናገሩ የሰማ የለም።

የስንዱ ታላቅ ወንድም አቶ መንገሻ ከእስቴ ገጠር መጡ። ገበሬ ናቸው፤ ደረቅ ሰው፤ ቃላቸው አጭር። እህታቸውን አይተው ወጡና ደጅ ላይ ሰው እየሰማ፣ «ለአገሩ ሁሉ ውሃ እያስገባህ እህቴን አህያ አደረግሃት። የሰበርሃት አንተ ነህ» አሏቸው። ጋሽ አበጀ አንገታቸውን ደፉ። አቶ መንገሻ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ሄዱ።

ከዚያ የመኝታ ቁስል መጣ። ከሆስፒታል ስትመለስ ጀምሮት ነበር፤ ታፋዋ ላይ የእጅ መዳፍ ያህል ሆነ። አንዲት የጤና ባለሙያ ገላዋ በየቀኑ በሙቅ ውሃ መታጠብ እንዳለበት ነገረቻቸው። አልጋ ላይ በጨርቅ ማበስ አልበቃ አለ። በዚያው ሰሞን አንድ የድሮ ሆቴል ሲታደስ ባኞውን ነቅሎ ሊጥለው ነበር፤ ሰው ተጋድሞ የሚታጠብበት ረጅም ነጭ ገንዳ፣ ጠርዙ የተላላጠ። ጋሽ አበጀ ለአራት ሰው አስይዘው ቤታቸው አስገቡት። የውሃ መውረጃው ዝጎ ስለነበር አውጥተው ጣሉት።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ሱቄ መጡና «የባኞ መውረጃ ያለሽን ሁሉ አውጪልኝ» አሉ።

ሦስት ዓይነት ነበረኝ። አንዱ አዲስ የመጣ ነው፤ ክዳኑን አንዴ ሲጫኑት ይዘጋል፣ ሲደግሙት ይከፈታል። ሁለተኛው ከገንዳው ጎን እጀታ አለው፤ ሲዞር ክዳኑን ከታች ያነሣዋል። ሦስተኛው የድሮው ነው፤ የነሐስ መውረጃ፣ አፉ ላይ የሚወተፍ የጎማ ውታፍ፣ ከውታፉ የተያያዘ ሰንሰለት። የሚጠይቀው ስለጠፋ ከአባቴ ዘመን ጀምሮ ከመደርደሪያው ሥር በካርቶን ተቀምጦ ነበር።

የመጀመሪያውን አነሣሁላቸው። «አሁን ሰው ሁሉ የሚወስደው ይኼን ነው ጋሽ አበጀ። ሰንሰለት የለው፣ ምን የለው፤ ያምራል።»

«ማን ነው የሚከፍተው?»

«እርስዎ ነዎታ፤ ሌላ ማን አለ?»

«ስንዱ ናት» አሉ።

ከኪሳቸው ጨርቅ አወጡና ግራ እጃቸውን ዘረጉልኝ። «ጣቶቼን ወደ ውስጥ እጠፊና እሠሪልኝ። አጥብቀሽ።»

አሠርሁላቸው። በታሠረው እጃቸው የመጀመሪያውን ጫን ጫን አደረጉት፤ ተንሸራተተ። «እሷ ደግሞ ክንዷን ማንሣት እንጂ መጫን አትችልም» አሉ ለራሳቸው። የሁለተኛውን እጀታ ሊያዞሩ ሞከሩ፤ እምቢ አለ። ሱቁ ውስጥ የነበሩ ሁለት ግንበኞች ሳቁ። ጋሽ አበጀ ቀና ብለው አላዩአቸውም። ሦስተኛውን በጉልበቶቻቸው መሐል አጣብቀው ያዙት፤ ሰንሰለቱን በእጅ አንጓቸው ጠልፈው ክንዳቸውን ወደ ላይ ሳብ ሲያደርጉ ውታፉ ብድግ አለ።

«ይኼ ነው።»

ግን በዚያ አላበቃም። ሰንሰለቱ ከጥቃቅን ዶቃ የተሠራ ነበርና ሁለቴ ጎተት ቢያደርጉት ተበጠሰ። «ይኼስ የአንገት ጌጥ ነው» ብለው ጣሉት፤ እውነተኛ ሰንሰለት በክንዳቸው ለክተው አስቆረጡኝ። ጫፉ ላይ እጇ የሚገባበት ቀለበት ፈለጉ፤ የኔዎቹ ሁሉ ጠበቡ። ታች ጋይንት ድረስ ሄደው አርብ ገበያ ላይ የበቅሎ ልጓም ቀለበት ገዝተው መጡ። ጎማውን ነክሰው «ሞቷል» አሉ፤ ከደብረ ታቦር ሦስት መጠን አስመጣሁላቸው። ትልቁ በጣም ይጠብቃል፣ ክንዷ አይነቅለውም። ትንሹ ውሃ ያሳልፋል። መካከለኛውን ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት እየፈተጉ፣ እየሞከሩ፣ እየተመላለሱ ሁለት ሳምንት ፈጁ።

እኔ ትዕግሥቴ አለቀ። «ጋሽ አበጀ፣ ለአንድ ውታፍ ይኼ ሁሉ ለምን? እርስዎ አጠገቧ አይደሉም እንዴ? ሲበቃት ይንቀሉላት።»

ውታፉን ማገላበጣቸውን ሳያቆሙ መለሱልኝ። «ስትበላ የምትጎርሰው በሰው እጅ ነው። የምትገላበጠው በሰው እጅ ነው። ዝንብ ፊቷ ላይ ሲያርፍ እንኳ ሰው ትጠራለች። ስንዱን ታውቂያታለሽ፤ ገበያ ላይ እሷ ሳትፈልግ ንግግሯን የሚያስቆም አልነበረም። አንድ ነገር እንኳ በቃኝ ስትል በራሷ እጅ ይብቃ።»

መጀመሪያ የምትታጠብ ዕለት ሴት ያስፈልጋል ብለው እኔን ጠሩኝ። ውሃውን በበርሜል አሙቀው በባልዲ እያመላለሱ ሞሉት። ብብቷ ሥር ሰፊ ጨርቅ አሳልፈው ከግድግዳው መንጠቆ ጋር አሠሩ፤ እንዳትንሸራተት። ስንዱ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ከዚያ ክንዷን አነሣች፣ ቀለበቱን በታጠፈው እጇ ጠለፈችው፣ ሳበችው። ውሃው እያጉረመረመ ወረደ።

«ስሙት! ስሙት እንዴት እንደሚያጉረመርም!» ብላ ጮኸች። የገበያ ድምፅዋ ነበር። ጋሽ አበጀ ወጥተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆሙ፤ ገላዋን እስካደርቅላት ድረስ አልተመለሱም።

ቁስሉ በአምስት ወር ዳነ። ከዚያ በኋላ ሌላ አልወጣባትም።

ሰው ግን አይተኛም። ሽባ ሴት በሩን ቆልፎ ውሃ ውስጥ የሚከት ባል አለ ተብሎ ተወራ። በር የሚቆልፉት ስንዱ ስለምታፍር ነው፤ ጎረቤት ድንገት ገብቶ ራቁቷን እንዳያያት። ወሬው እስቴ ደረሰ። አቶ መንገሻ በሁለተኛው ዓመት መጥተው ባኞውን አዩና «አንድ ቀን አዳልጧት ሰጠመች ልትለን ነው?» አሏቸው። ጋሽ አበጀ እንደ ልማዳቸው አንገታቸውን ደፉ። ስንዱ ግን ከአልጋዋ ላይ ወንድሟን ሰደበቻቸው፤ ሁለቱ ከዚያ በኋላ አልተነጋገሩም።

እንዲህ ሆነው ስድስት ዓመት ኖሩ። ጋሽ አበጀ የሚሠሩት ከሰዓት በኋላ ብቻ ሆነ። ራቅ ያለ ሥራ አይቀበሉም። መንገድ በተዘጋባቸው፣ መብራትና ስልክ በጠፋባቸው ሳምንታት እንኳ እንጨት ፈልገው ያሞቁ ነበር። እየከሱ ሄዱ፣ ልብሳቸው ሰፋ። ሱቄ ሲመጡ ባንኮኒውን ተደግፈው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ አያለሁ። «ደረትዎን ይታዩ» እላቸዋለሁ። «እሺ» ይላሉ።

የሞቱ ዕለት የገበያ ቀን ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቷል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ስንዱን ባኞው ውስጥ አስገቧት። የመጨረሻውን ባልዲ ይዘው ገቡ። ባልዲውን አንዲት ጠብታ ሳያፈሱ መሬት ላይ አስቀመጡ፣ ቀጥ ብለው ቆሙ፣ ወደቁ። ጨርቁን ገና ብብቷ ሥር አላሳለፉትም ነበር። በላይነሽ ከገበያ ስትመለስ ድምፅ ሰምታ መዝጊያውን የገነጠለችው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

እኔ ስደርስ ስንዱ ባዶ ገንዳ ውስጥ ናት። ከንፈሯ ጠቁሯል። እጇ ቀለበቱ ውስጥ እንደገባ ነበር፤ እኔና በላይነሽ ጎትተን አወጣነው። ጋሽ አበጀ በሩ ሥር በጎናቸው ተኝተዋል። ከባኞው ውስጥ የሚታያት እግራቸው ብቻ ነበር። አምስት ሰዓት ሙሉ እግራቸውን ስታይ ነው የዋለችው።

ፖሊስ መጣ። ሬሳው ተመረመረ፤ ልባቸው ነው ተባለ። በማግስቱ አቶ መንገሻ ደረሱ። ድንኳኑ ውስጥ ለቀስተኛ እያለ፣ «በሩ ለምን ተቆለፈ? ሊያደርግ ያሰበውን እግዜር ቀደመው» አሉ። ስንዱ ሰምታ ኖሮ ከውስጥ «አልጋዬን አውጡልኝ» ብላ ጮኸች። አራት ወንዶች ከነአልጋዋ ድንኳኑ መሐል አስቀመጧት። እያሳላት፣ ትንፋሽ እያጠራት፣ ከአራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሆነውን አንድ በአንድ ተናገረች። ባልዲውን እንዴት እንዳስቀመጡት ሳይቀር። አቶ መንገሻ መሬት መሬት ያያሉ። ቀብር ላይ ሰው ሁሉ አፈር ሲያለብስ እሳቸው ራቅ ብለው ቆሙ።

በሦስተኛው ቀን አጠገቧ ብቻዬን ሳለሁ፣ ድንኳኑ ውስጥ ያልተናገረችውን ነገረችኝ።

«እየተንሸራተትሁ ነበር። ውሃው አፌ ጋ ደረሰ። ቀለበቱ እጄ ላይ ነው፤ ግን አልሳብሁትም። ልተወው ብዬ ነበር የሺ። እሱ ሄደ፣ እኔ ለማን ነው የምቆየው አልሁ። ውሃውም ገና ሙቅ ነው። ጆሮዬ ውስጥ ገባ።»

«ታዲያ ምን አሰብሽ?»

«መንገሻን አሰብሁት። ውሃ ውስጥ ሞቼ ብገኝ አበጀ ገደላት ይላል። አገሩም ይላል። እሱ ደግሞ ሞቷል፣ መልስ አይሰጥ። ስድስት ዓመት አጥቦኝ በነፍሰ ገዳይ ስም ሊቀበር ነው? ያኔ ሳብሁት። ለመኖር ብዬ አይደለም፤ እንዳይመስልሽ።»

ከዚያ ማን ይያዛት የሚለው መጣ። ስንዱ «እዚሁ ተዉኝ» አለች። በላይነሽ የራሷ አምስት ልጆች አሏት። እኔ ሰፊ ቤት፣ ውሃ፣ ሠራተኛም አለኝ። እኔ ጋ ትሁን የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ሱቁን አሰብሁ፣ ማለዳውን አሰብሁ፣ ማንሣቱን፣ ማገላበጡን አሰብሁ። ዝም አልሁ። ስንዱ አይታኛለች። ወንድሟ ወሰዷት፤ እስከ ደብረ ታቦር በሚኒባስ፣ ከዚያ እስከ መካነ ኢየሱስ፣ ከዚያ ወዲያ በቃሬዛ። ስትሄድ «እመጣለሁ» አልኋት። አልሄድሁም። መንገዱ አንዳንዴ ተዘግቶ እንደነበር እውነት ነው። ክፍት የነበረባቸውም ቀናት ነበሩ።

ሰኔ ላይ፣ ገበሬ ከማሳው በማይርቅበት ወቅት፣ አንድ ጋቢ የለበሱ ሰው ዝናብ እያንጠባጠቡ ሱቄ ገቡ። ጠቁረውና ከስተው ስለነበር አቶ መንገሻ መሆናቸውን ያወቅሁት ሲናገሩ ነው።

«ስንዱ አረፈች» አሉኝ። «ሳምንቷ ነው።»

ወንበር ሰጠኋቸው። አልተቀመጡም።

«ሚስቴ ሁለት ሳምንት አጠበቻት፤ ከዚያ ወገቧን ያዛት። ቀጥሎ እኔ ያዝሁት። ወንድም እህቱን እንዲህ ማድረጉ ነውር ነው ያሉኝ ነበሩ፤ እነሱም አልመጡም። ምንጩ ሩቅ ነው። በየቀኑ አልቻልሁም፤ በሦስት ቀን አንዴ፣ ኋላም በሳምንት። ቁስሉ ወጣ። አጥንቷን አየሁት እቴ። አራት ወር ነው የቻልሁት። እሱ ጋ ሳለች ቁስል ነበረባት?»

«ከሆስፒታል ይዛው የመጣችው ነበር። እሳቸው አድነውታል።»

«ከዚያ ወዲያስ?»

«አንድም አልወጣባትም።»

«ስንት ዓመት ነው ያጠባት?»

«ስድስት።»

ከዚያ የጋሽ አበጀን መቃብር እንዳሳያቸው ጠየቁኝ።

ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ገባን። ዝናቡ ቀጥሎ ነበር። ልጅ ስላልነበራቸው መቃብሩን የሚያይላቸው ሰው አልነበረም፤ አፈሩ ሰምጦ ጎድጉዷል፣ ውሃ አቁሯል። አቶ መንገሻ ዱላቸውን ከዛፍ ሥር አስደግፈው ተንበረከኩ። በባዶ እጃቸው ከዳር ዳር አፈር እየዛቁ ይሞሉት ጀመር። ላግዝ ብዬ ጎንበስ ስል ክንዳቸውን አንሥተው ከለከሉኝ። ድንጋይ ለቀሙ፣ ደረደሩ፣ እንደገና አፈር አለበሱ። ጭቃው እስከ ክርናቸው ደረሰ። እኔ ጃንጥላዬን ይዤ ቆምሁ። መሬቱ ተስተካክሎ ከፍ ሲል በመዳፋቸው ጠፈጠፉት፣ አሁንም ሌላ አፈር ፍለጋ ተነሡ። ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደው የመጨረሻው መኪና ሊወጣ መሆኑን ነገርኋቸው።

«ይሂድ» አሉኝ።